በዘይቱና ስም

«ስሟን ብቻ ነው የምንፈልገው። እሷማ የትም አትሄድ።»

ሱራያ ይህን የሰማችው መሰላል ላይ ቆማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ሱቁ ገና አልተከፈተም። የአቡጀዲዱን ጣቃዎች አቧራ አራግፊ ተብላ እስከ ላይኛው መደርደሪያ ወጥታለች፤ ራሷ ኮርኒሱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከመደርደሪያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ጓዳ አለች። አባቷ ባህሩዲንና ታናሽ ወንድሙ ሽፋ የሚመካከሩት እዚያ ገብተው ነው፤ ጓዳዋን ከሱቁ የሚለያት ደግሞ ጋዜጣ የተለጠፈበት ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው። ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሰው ማንም የማይሰማው ይመስለዋል። መሰላል ላይ ያለች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ይበልጥ የምትሰማው ዝቅ ያለውን ነው። ችግሩ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በደህናው ሲያወሩ የአባቷ ድምፅ ወፍራም፣ የሽፋ ቀጭን ነው፤ ሲንሾካሾኩ ግን ከአንድ ጣቃ እንደተቀደደ ጨርቅ አይለዩም። ማን ነው ያለው? ሱራያ ብዙ አላሰበችም። ሽፋ ነው አለች። ለምን ቢሏት፣ ሽፋ ቢሆን ስለሚሻላት ነው። ሽፋ የሱሪው እግር እንደ ደወል የሰፋ፣ አፍሮውን በቀን ሦስት ጊዜ የሚያበጥር፣ «አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽ ካንቺ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው» እያለ የሚያበሽቃት አጎቷ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ክፉ ነገር ቢናገር ያምርበታል።

«ስሟን» የተባለችው ማን እንደሆነች ግን ማሰብም አያስፈልግም። በዚህ ሳምንት በዚህ ቤት ስሟ የሚነሳ ሴት አንዲት ናት፤ እትዬ ዘይቱና። የአባቷ ታላቅ ወንድም የሙሐዲን ሚስት ነበረች። ሙሐዲን ጉበቱን ታሞ ከሞተ ዓመት ከስድስት ወሩ ነው፤ ልጅ አልወለዱም። የተወው አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ነበር፤ ከዲላ ፍስሐ ገነት፣ ከፍስሐ ገነት ሬኮ፣ በዚያ ጭቃ ላይ ሰውና ቡና ሲያመላልስ የኖረ፣ ሲገዛም የዘይቱና የወርቅ አምባር የተሸጠበት። ባለፈው ወር ባህሩዲን ላንድሮቨሩን ለአንድ የሀገረ ማርያም ሰው ሸጠው። ለአዲስ መኪና ቀብድ ይሆናል ተባለ። ዘይቱና ያን ዕለት ደጅ ወጥታ መኪናው መንገዱ ላይ እስኪታጠፍ አየችው። ከዚያ ገብታ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ እስከ ምሽት ድረስ ቴክ ቴክ ቴክ ሲል ዋለ።

አዲስ መኪና ማዘዝ ደግሞ በዚህ ዘመን ኪስን ዳብሶ መነሳት ብቻ አይደለም። ለአንድ ሰው የተፈቀደለት አንድ ንግድ ነው። ባህሩዲን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በስሙ አለው፤ ሽፋ የወፍጮ ቤት ፈቃድ በስሙ አለው። ሦስተኛ ነገር በስማቸው ቢገኝ ቀበሌ መጥቶ ሁለቱንም ያሽጋል። ስለዚህ ስም ተፈለገ፤ ምንም ያልተንጠለጠለበት ንጹሕ ስም። የዘይቱና ስም እንደዚያ ነበር። የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤም በሦስት ቀን ወጣላት፤ ሰው ግማሽ ዓመት የሚመላለስበት ደብዳቤ! ባህሩዲን «የወንድሜ ክብር ነው» ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሱራያ ግን ሊቀመንበሩ ለሙሐዲን ክብር ብሎ አንድ ኪሎ ስኳር እንኳ ጨምሮላቸው እንደማያውቅ ታውቃለችና ነገሩ አልተዋጠላትም። በዚህ ቤት ያልተዋጠ ነገር ይቀመጣል እንጂ አይተፋም። እሷም አስቀመጠችው።

ቁርስ ላይ ሁሉም ሳሎን ነበሩ። ሳሎኑ ማለት ሁለት ላስቲካቸው ያልተነሳ ሶፋዎች፣ ሦስት ሰዓት ላይ የቆመ የግድግዳ ሰዓት፣ በመስኮቱ በኩል የዘይቱና የስፌት መኪና፣ መሀል ላይ ደግሞ ከማክሰኞ ጀምሮ የቤቱ ንጉሥ ሆኖ የሰነበተው የመኪና ካታሎግ ነው። ካታሎጉን ያመጣው ደጀኔ የሚባል የአስመጪ ድርጅት ወኪል ነው፤ ከአዋሳ እስከ ሀገረ ማርያም እየዞረ ትዕዛዝ ይቀበላል፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ፎርሙን አስፈርሞ ነገ ጠዋት ይሄዳል። ከዚያ መኪናው ስድስት ወር ይጠበቃል። ዋጋው አርባ ሁለት ሺህ ብር ነው፤ ይህን ቁጥር በቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው የለም፤ ሁሉም በእጁ ነው የሚያሳየው። ባህሩዲን ጣቱን የላንድሮቨሩ ሥዕል ላይ ተክሎ «ሙሐዲን የሚያውቀው ይሄን ነው፣ ይሄን መንገድ የሚያውቀውም ይሄው ነው» አለ። ሽፋ ደግሞ ገጹን ገልብጦ ነጯን ቶዮታ ያሳያል፤ ዝግ፣ ባለ መስታወት፣ ወንበሯ ሁሉ ወደ ፊት የዞረ፣ ስፖንጅ ያለው። «ሰው እንደ ሰው የሚቀመጥባት» አለ።

«የሬኮ ሰው ከነጆንያው ነው የሚሳፈረው። ጆንያውን ስፖንጅ ላይ ታስቀምጥለታለህ?» አለው ባህሩዲን።

«ጆንያ የያዘ በሌላ መኪና ይሂድ።»

«እንግዲያው አንተና ማበጠሪያህ ብቻችሁን ሂዱ።»

የሱራያ እናት ጀሚሊያ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። ዘይቱና ሻይ እየቀዳች ነበር። ማንም «አንቺስ?» አላላትም። ካታሎጉ ለእሷ በተገለበጠ በኩል ነው ያለው። ሱራያ ግን አንድ ነገር አየች፤ የዘይቱና ከንፈር ሥዕሉ ሥር ባለው ጽሑፍ ትይዩ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። ዱዓ ታደርጋለች ብላ አሰበች። መቼም በሰው ንብረት ለሚያዝዙ ሰዎች ሻይ እየቀዱ ማጠጣት ዱዓ ሳያስፈልገው አይቀርም።

ከቁርስ በኋላ አባቷ ጠራት። «ጽሕፈትሽ ያምራል፤ እስክርቢቶ ይዘሽ ነይ።» ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፤ ደጀኔ ማክሰኞ የተወላቸው ነው። ሽፋ በሩን ተደግፎ ጫማውን ያያል። ባህሩዲን ማስጻፍ ጀመረ፤ የገዢ ስም፣ ዘይቱና ረዲ። አድራሻ፣ ዲላ። የመኪናው ዓይነት፣ ቶዮታ፣ ዝግ፣ ቤንዚን። ሱራያ እስክርቢቶዋን አቆመች። አባቷ ለደንበኛ ሩብ ሜትር ጨርቅ ለቆ የማያውቅ ሰው ነው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት የተሟገተበትን ላንድሮቨር ለሽፋ እንዲህ በዋዛ የሚለቀው ምን ተቀብሎ ነው? መልሱ ሦስት መስመር ወረድ ብሎ ነበር።

«የጋብቻ ሁኔታ፣ ያገባች።»

ሱራያ ቀና አለች።

«የባል ስም፣ ሽፋ ናስር። መኪናውን የሚረከብ፣ ባል።»

«አባ፣ እትዬ ዘይቱና እኮ...»

«ለወረቀት ያህል ነው። ወረቀቱ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው፤ ቀበሌ አያየውም። ጻፊ።»

ወደ ሽፋ ዞር ብላ አየችው። ሽፋ አሁንም ጫማውን ያያል፤ ጫማው ላይ ግን ምንም የለም። ሱራያ ጻፈች። በሰማያዊ ቀለም፣ በዚያ መምህራኑ በሚያመሰግኑት ጽሕፈቷ፣ የ«ሽ» ቀለበቷ እንኳ ሳትዛነፍ። የሞተ ወንድምን ሚስት በሕይወት ያለው ወንድም ማግባቱ ለዚህ ቤተሰብ አዲስ ነገር አይደለም፤ አያቷም እንዲሁ ነው የተዳረችው። ግን ያኔ ሽማግሌ ይላካል፤ ሴቲቱም ለይስሙላም ቢሆን ትጠየቃለች። በመኪና ማዘዣ ፎርም የተዳረች ሴት ግን ሱራያ ሰምታ አታውቅም። ይባስ ብሎ ቃዲዋ እሷ ራሷ ሆነች!

ዘይቱና የምታድረው በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ነው። ሱራያ ስትገባ አንሶላ ታጥፋለች። አልጋው ሥር የሙሐዲን ጫማ ዛሬም ተወልውሎ ተቀምጧል። ሱራያ የሰማችውንም የጻፈችውንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤ ስሟን ብቻ መባሉን፣ የትም አትሄድ መባሉን፣ ያገባች መባሉን። «ሽፋ ነው የጠነሰሰው» ብላ ጨመረችበት፤ ይሄን አላየችም፣ ግን ጨመረችው። ዘይቱና አንሶላውን አጥፋ ጨረሰች፤ ጫፉን በጫፉ ላይ አስተካከለች።

«በእርሳስ ነው በቀለም የጻፍሽው?»

«በቀለም።»

«አሳመርሽው?»

ሱራያ አንገቷን ደፋች። ዘይቱና ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋ፣ ለመቅጣትም ለማጽናናትም በሚሆን ቁንጥጫ፣ «በይ ሂጂ ድንች ላጪ፤ እናትሽ ትፈልግሻለች» አለቻት። ይኸው ነው። አላለቀሰችም፤ «ወይኔ» አላለችም። ሱራያ በሩ ላይ ስትደርስ ልቧ ውስጥ ሌላ ነገር ገባ። ይቺ ሴት ያልደነገጠችው ለምንድነው? ሰው ሳይጠይቁት ሲድሩት የሚያጥፈው አንሶላ ነው እንዴ? ወይስ ታውቅ ነበር? ወይስ፣ ይሄ ደግሞ ይባስ፣ ትፈልግ ነበር?

ማድቤት ገብታ እናቷን ዙሪያ ጥምጥም ጠየቀቻት። ጀሚሊያ ከድንቹ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። «ወፍራም አድርገሽ አትላጪ፤ ግማሹን ጣልሽው» አለቻት። በዚህ ቤት «አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም» የሚባለው እንዲህ ነው። ሱራያ አራት ድንች ላጠች፤ አምስተኛው ላይ ቢላዋውን አስቀምጣ ክር ላምጣ ብላ ሳሎን ገባች። የስፌት መኪናውን መሳቢያ ከፈተች። ክር አለ፣ ቁልፍ አለ፣ ከቁልፉ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አለ። ፈታችው። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ነው። ዘይቱና ረዲ፣ ከቀበሌው አንደኛ፣ ማኅተም፣ የሊቀመንበሩ ፊርማ። በሦስት ቀን የወጣው የድጋፍ ደብዳቤ አሁን ተዋጠላት።

ሱራያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አስታወሰች። ዓምና ቀበሌው ከየቤቱ አንድ ሰው ካልተማረ ስኳርና ሳሙና እከለክላለሁ ሲል፣ ባህሩዲን ሱቅ አለብኝ፣ ሽፋ ወፍጮ አለብኝ ተባባሉና «ዘይቱና ትሂድ፣ ሥራ የላትም» ብለው ላኳት። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደብተሯን በፎጣ ጠቅልላ ትሄድ ነበር። ቤት ስትመለስ ደብተሩን ገልጣ አታውቅም። አንድ ቀን ባህሩዲን የሳሙና ካርቶን አሳይቶ «በይ አንብቢልን» ሲላት «ዓይኔን አመመኝ» አለችና ሁሉም ሳቁ፤ ሱራያም አብራ ስቃለች። ዓይኗን ያላመማት ሴት ዓይኔን አመመኝ ያለችው ለምንድነው? ሰው ሌላውን ሰው ዓመት ሙሉ የሚሸውድ ከሆነ አንድ ነገር አስቦ ነው። ሱራያ ወረቀቱን እንደነበረ ጠቀለለችው። ጠዋት ለዘይቱና ያዘነችው አሁን ለማን እንደምታዝን ግራ ገባት።

ስድስት ሰዓት ላይ ዘይቱና ፎጣዋን ደርባ ወጣች። «ገበያ ደርሼ መጣሁ» አለች፤ ቅርጫት ግን አልያዘችም። ሱራያ እስከ ማዕዘኑ ጠበቀችና ተከተለቻት። ዘይቱና በገበያው በኩል አልፋ፣ ከመናኸሪያው በታች ወዳለው ጋራዥ ታጠፈች። እዚያ ወልደዮሐንስ ነበር፤ የሙሐዲን ላንድሮቨር ሹፌር፣ የወናጎ ልጅ፣ አርባ ዓመት የሞላው፣ መዝሙር በአፍንጫው እያንጎራጎረ ጎማ የሚፈታ ረጅም ሰው። ላንድሮቨሩ ከተሸጠ ወዲህ እጁን አጣጥፎ ጋራዥ ይውላል። ሱራያ ከተደረደሩት በርሜሎች ኋላ ሆና አየች። ሁለቱ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቶዮታ ዙሪያ ይሽከረከራሉ። ወልደዮሐንስ ይንበረከካል፣ ከሥር ያሳያታል፤ ዘይቱናም፣ እትዬ ዘይቱና፣ ዳኛ ፊት እንኳ ሻሿ የማይዛነፈው ሴት፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጎንበስ ብላ ከመኪናው ሥር ታያለች። የኋላውን በር ከፈቱ። ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ረጃጅም መቀመጫዎች ናቸው። ዘይቱና በክንዷ ለካቻቸው። ከዚያ ወልደዮሐንስ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ዘይቱና ወዲህና ወዲያ አየችና ጡቷ ሥር ከተተችው።

ደብዳቤ! ለካ ማንበብ የተማረችው ለዚህ ነው። የወናጎ ጴንጤ ሹፌርና የነናስር ቤት ምራት፤ ከተማው ቢሰማ ሱቁ ለአንድ ዓመት ሌላ ወሬ አያስፈልገውም። ወደ ቤት ስትመለስ እግሯ ፈጠነ፣ አፏም ፈጠነ፤ ለአባቷ የምትለውን በልቧ እየደጋገመች ነበር። ሱቁ በር ላይ ደረሰች። አባቷ ለአንዲት ገጠሬ ሴት ጨርቅ ይለካል፤ ሜትሩን ሲዘረጋ አውራ ጣቱ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ይሄን ከልጅነቷ ጀምሮ ታየዋለች። ዛሬ ግን አፏ ተዘጋ። ምን እንደዘጋው አላወቀችም። «ምን ሆንሽ? ሰይጣን አሳደደሽ?» አላት። «ድንች ነው» ብላው ገባች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጀኔ መጣ፤ ክራቫት ያሰረ፣ በአቧራ የነጣ ቦርሳ የያዘ፣ ሁሉንም «ጓድ» የሚል ወፍራም ሰው። ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ላስቲኩ ጮኸ። ፎርሙን ተቀብሎ በዓይኑ ገረፍ አደረገው። «ጽሕፈቱ ግሩም ነው! የማን ነው?» ማንም የኔ ነው አላለም። ዘይቱና ተጠራችና በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ደጀኔ የማኅተም ቀለሙን ከፍቶ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

«እትዬ፣ እዚህች ላይ አውራ ጣትዎን ብቻ።»

ዘይቱና አውራ ጣቷን አላወጣችም። መዳፏን ዘረጋች። «ወረቀቱን ስጠኝ እስቲ፣ የኔ ወንድም።»

«ምን ያደርግልሻል?» አለ ባህሩዲን።

«ላንብበው።»

ባህሩዲን ሳቀ። ጀሚሊያ ግን አልሳቀችም፤ በማድቤቱ በር ቆማ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። ዘይቱና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስከተለች፣ እንደ ሕፃን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «የ... ገዢ... ስም። ዘይቱና ረዲ። እሱስ እኔ ነኝ።» ጣቷ ወረደ። «ዝግ። ቤን... ዚን። እንዴ፣ ቤንዚን በኩፖን አይደል? ኩፖኑን የሚሰጠኝ ማን ነው?» ጣቷ ወረደ። የባህሩዲን ሳቅ ፊቱ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። «የ... ጋብቻ... ሁኔታ። ያገባች።» ጣቷ ቆመ። «የባል ስም... ሽ... ሽፋ... ናስር።» ቀና አለች። ወደ ሽፋ ዞራ፣ ያለ ቁጣ፣ ገበያ ውስጥ የጠፋ ሰው እንደምትጠይቅ ሆና «ሽፋ፣ መቼ ነው ያገባኸኝ?» አለችው።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለ ሽፋ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «ነጯ መኪና ትታዘዝልሃለች፣ ዝም በል አለኝ። ዝም አልኩ።»

ሱራያ ወደ አባቷ ዞረች። ባህሩዲን እንግዳው እንዳይሰማ ወደ ዘይቱና ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለምን ታዋርጅናለሽ? ስምሽን ብቻ ነው የፈለግነው። አንቺ የትም አትሄጂ ብለን...» ያ ድምፅ ነበር። የጠዋቱ። አጠራሩ፣ ትንፋሹ፣ «የትም» ላይ ረገጥ ማለቱ። ሱራያ ቀኑን ሙሉ በሽፋ ላይ የቆለለችው ጥርጣሬ ማረፊያ አጥቶ ተንሳፈፈ፤ ከዚያ ያረፈበትን ስታይ ወለሉን አየች።

ዘይቱና ፎርሙን ለደጀኔ መለሰችለት። «ወንድሜ፣ እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ይሄ ወረቀት ባሌ ሽፋ ነው ይላል። ሽፋ የወፍጮ ቤት ፈቃድ አለው። ነገ ቀበሌ ጠርቶ የባልሽ ሥራ ምንድነው፣ መኪናውስ ቢለኝ ምን እላለሁ? መዋሸት አልችልም፤ ሊቀመንበሩ ራሱ ነው አንደኛ ብሎ የሸለመኝ።»

ደጀኔ እንደተቃጠለ ሰው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ወፍጮ ቤት? ለኔ አልተነገረኝም! ጓድ ባህሩዲን፣ እኔ ልጆች አሉኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አታስገቡኝ። አንድ ሰው ሁለት ንግድ! ሱቁም፣ ወፍጮውም፣ እኔም አብረን እንታሸጋለን።»

«ይሰረዝና...» አለ ባህሩዲን።

«የተሰረዘ አይቀበሉም። ባዶ ፎርም አለኝ። ግን ባለ ጉዳይዋ ራሷ ትሙላው፤ እኔ ሌላ ሰው ሲጽፍ ማየት አልፈልግም።»

ባዶው ፎርም ወጣ። ዘይቱና ከዱካዋ ተነስታ ሶፋው ላይ፣ ደጀኔ አጠገብ ተቀመጠች። ከጡቷ ሥር የታጠፈውን ወረቀት አውጥታ ዘረጋችው። ሱራያ አንገቷን አስግጋ አየች። የፍቅር ቃል የለበትም። የወልደዮሐንስ ጠማማ ጽሕፈት ነው፤ «ቶዮታ። ናፍጣ። ረጅሙ። ጀርባው ሸራ። መቀመጫ ግራና ቀኝ፤ መሀሉ ለጆንያ፣ ለበሽተኛም ይሆናል። ስፕሪንግ ወፍራሙ። ትርፍ ጎማ ሁለት።» የሱራያ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ፤ ደግነቱ እሷን የሚያይ አልነበረም። ዘይቱና ጻፈች። ፊደሏ ትልልቅ ነው፤ አንዱ ከመስመሩ በላይ፣ አንዱ ከመስመሩ በታች። እሷ አንድ ቃል በምትጽፍበት ጊዜ ሱራያ አንድ ገጽ ትጽፍ ነበር። ደጀኔ አላጣደፋትም፤ ከፍርሃቱ ነው እንጂ ከትዕግሥቱ አይደለም። የቆመው ሰዓት ሦስት ሰዓት እንዳለ ነው። የጋብቻ ሁኔታው ላይ ስትደርስ «ሱራያ፣ ባሏ የሞተባት ለማለት ቦታው አይበቃኝም» አለች።

«ወደ ታች ቀጥይ፣ እትዬ» አለች ሱራያ። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

መጨረሻ ላይ ባህሩዲን ያለ የሌለ ጥይቱን ተኮሰ። «ቀብዱስ አለ። ቀሪውን ማን ይከፍልልሻል?»

ዘይቱና ከወረቀቱ ቀና አላለችም። «ላንድሮቨሩ ሙሐዲን ከሞተ በኋላ ከዓመት በላይ ሲሠራ ነበር። ገንዘቡ የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ፤ ከዚያ ይከፈላል። የሱቅህን ጭነት በነፃ አመጣልሃለሁ። ሹፌሩ ወልደዮሐንስ ነው። ሽፋ መሄድ ሲፈልግ እንደ ሰው ተራውን ጠብቆ ይሳፈራል።»

«ፊት ወንበር?» አለ ሽፋ።

«ባዶ ከሆነ።»

ሱራያ ሽፋ ሲቆጣ ለማየት ተዘጋጅታ ነበር። ሽፋ ግን ኩንታል ከትከሻው እንዳወረደ ሰው ተነፈሰና ከኪሱ ማበጠሪያውን አወጣ። ባህሩዲን ተነስቶ ወደ ሱቁ ሄደ። ዘይቱና ፈረመች፤ በጣቷ አይደለም። ደጀኔ ቅጂውን ቀዶ ሰጣት፤ ሮዝ ወረቀት፣ ማኅተም ያለው፣ መኪናው ሲመጣ ይህን የያዘ ሰው ብቻ እንደሚረከብ ሁለት ጊዜ እየደጋገመ።

ሊመሽ ሲል ሱራያ በጓሮዋ ክፍል በኩል አለፈች። በሩ ገርበብ ብሏል። ዘይቱና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የትራሷን ስፌት በምላጭ ፈትታለች። ሮዟን ወረቀት አራት አጥፋ ከጥጡ መሀል አስገባችና መርፌውን አነሳች። ዘይቱና ሳትዞር «እዚያ በር ላይ ከምትቆሚ ክሩን አስገቢልኝ፤ ዓይኔን ዛሬ በእውነት አመመኝ» አለች። ሱራያ ገባች፣ ክሩን በምራቋ አርጥባ አስገባች። ዘይቱና ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ አለች። ስፌቱ ሲያልቅ ዘይቱና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ሱቁ ሊዘጋ ነው። ሱራያ ጠዋት ያልጨረሰችውን ላይኛውን መደርደሪያ ልትጨርስ መሰላሉ ላይ ወጣች። አባቷ አንዱን መዝጊያ ዘጋ፣ ሁለተኛውን ዘጋ፣ ከዚያ መሰላሉ ሥር መጥቶ ቆመ። ለእሷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናግሯት አያውቅም፤ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ትልቅ ሰው ሆንኩ ብላ በደስታ ትፈነድቅ ነበር።

«ያቺን ወረቀት የት አደረገቻት?»

ሱራያ ጣቃውን አንድ ጊዜ መታችው፤ አቧራው በሁለቱ መካከል ወረደ።

«አላየሁም፣ አባ።»

ባህሩዲን ራሱን ቀና አድርጎ ረጅም ጊዜ አያት፤ ጨርቁን ዳብሳ፣ ዋጋውን ጠይቃ፣ ሳትገዛ የምትወጣ ደንበኛን እንደሚያይ። ሱራያም ከላይ ሆና አየችው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጣቃ ዞረች።